በ100 ዶላር የቱን ልግዛ? ለቺስታ ሙዚቃ ወዳድ የሸክላ፣ የሲዲና የካሴት ንጽጽር

ባለፈው ወር ኦቨርታይም ገብቼ 100 ዶላር ተረፈችኝ፣ ተረፈችኝ ስል ከቤት ኪራይ፣ ከመኪና ኢንሹራንስና አገር ቤት ከሚላከው በኋላ ማለቴ ነው፣ ስለዚ ይቺ ብር ለኔ ሎተሪ ናት በሉት። ስልኬ ላይ ደሞ ከስንት ጊዜ ጀምሮ ያልዘጋኋቸው አስራ አንድ የአልበም መሸጫ ገጾች አሉ፣ የሙላቱ አስታጥቄ ሁለት፣ የኃይሉ መርጊያ ሦስት፣ የእማሆይ፣ የማህሙድ፣ ምናምን። ሁሉንም በሸክላ ልግዛ ብዬ ደምሬው 300 ዶላር አለፈ፣ ከዛ ካልኩሌተሩን ዘጋሁት። በቃ መምረጥ ግድ ሆነ፣ መረጥኩ፣ አንድ ሁለቴም ተሳሳትኩ፣ እናንተ ደግማችሁ እንዳትሳሳቱት ብዬ ነው ምጽፈው።

ከመግባታችን በፊት፣ ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፋቸው ምክንያቱም ሽፋኖቹ ላይ ያለው እሱ ነው። "1969-1974" የሚለውን አይቶ "እንዴ ይሄማ የደርግ ጊዜ ሙዚቃ ነው" ብሎ ሲከራከረኝ ያመሸ ጀለስ አለኝ።

እና "ዩቲዩብ ላይ በነጻ አለ አይደል፣ ምን አስገዛህ?" ለምትሉኝ፣ ልክ ናችሁ፣ አብዛኛው አለ። እኔ ራሴ ቅድሚያ እዛ ሁለት ሳምንት ሳልሰማው ምንም አልገዛም። ሁለት ሳምንት ሰምቼው ማንም ሳያስታውሰኝ ሰሃን ሳጥብ እየመረጥኩ የምከፍተው ከሆነ ይገዛል፣ "ትልቅ ስራ ነው" ስለተባለ ብቻ የምሰማው ከሆነ እዛው ዩቲዩብ ላይ ይቆይልኝ። ግማሹ ዝርዝሬ የወደቀው በዚች ፈተና ነው፣ ለማን እንደሆነ አልናገርም ትጣሉኛላችሁ።

በሙላቱ ልጀምር፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው የሚጀምረው በሱ ነው። ምርጫው ሁለት ነው። አንዱ ኢትዮፒክስ የሚባለው የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ ቁጥር 4፣ ከ1969 እስከ 1974 የተሰሩትን የሰበሰበው፣ በ1998 በሲዲ የወጣው። ሁለተኛው "ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ"፣ በ1972 ኒው ዮርክ የተቀዳው፣ ስትራት የሚባለው የእንግሊዝ ሌብል (አሳታሚ) በ2017 እንደገና ያሳተመው። ሰው ሁለቱን አንድ ዓይነት አድርጎ ያያቸዋል፣ እንደውም ሙናዬን የመሳሰሉ ዜማዎች ሁለቱም ላይ አሉ፣ ግን ስትሰሟቸው ሌላ ናቸው። የኒው ዮርኩ ላቲን ይበዛዋል፣ ኮንጋ፣ ፍሉት፣ ዋዋ ጊታር፣ ኩሉን ማንኳለሽን በዛ አጨዋወት ስትሰማው ሰርግ ቤት ገብተህ ሙሽሮቹ በሙሉ ጥቁር መነጽር ያደረጉ ይመስልሃል። ቁጥር 4 ግን አዲስ አበባ ነው፣ ሳክስፎኑ ትንሽ ያለቅሳል፣ ኪቦርዱ ጭስ ጭስ ይላል፣ የከርሞ ሰውና የግሌ ትዝታ ያሉት እዚ ላይ ነው። የአሜሪካው ፊልም ሰሪ ጂም ጃርሙሽ በ2005 ፊልሙ ላይ ያስገባቸው፣ በኋላም ራፐሩ ናስና ዴሚያን ማርሌይ የግሌ ትዝታን ወስደው በ2010 ዘፈን የሰሩበት ከዚህ ነው።

በብር ስናወዳድረው ደሞ ቁጥር 4 አስራ አራት ሙዚቃ አለው፣ ያገለገለ ሲዲ 10 ዶላር አካባቢ አገኘሁት። የኒው ዮርኩ ሰባት ሙዚቃ ብቻ ነው፣ አዲስ ሸክላው ደሞ እኔ ያየሁት ቦታ ሁሉ 25 ዶላርና ከዛ በላይ ነው። አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው ቁጥር 4ን ይግዛ፣ አያስቆጭም። "ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ" ብር ሲኖርህ ምትገዛው ነው፣ በጣም አሪፍ ነው ግን ለቺስታ ሁለተኛ ነው።

ስለ ኢትዮፒክስ ካነሳን አይቀር፣ ይሄን ተከታታይ የሚያሳትመው የፈረንሳይ ሌብል ስሙ ቡዳ ነው፣ ቡዳ ሙዚክ፣ አትሳቁ። እናቴ ሲዲውን ገልብጣ ስታነበው "ቡዳ ነው ያሳተመው?" ብላ አስቀመጠችው። አዘጋጁ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው። የሲዲዎቹ ጥሩ ነገር ውስጡ ያለችው ቡክሌት ናት፣ የድሮ ፎቶ፣ የማን ባንድ ነው፣ መቼ ተቀዳ፣ ሸክላው የማን ነው፣ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎ አለ፣ ይሄን ስፖቲፋይ አይሰጥህም። መጥፎው ነገር የዘፈን ርዕሶቹ በላቲን ፊደል፣ ያውም እዚም እዛም ጭረት ተደርጎባቸው ስለሚጻፉ እኛው አማርኛ ተናጋሪዎቹ ድምጽ አውጥተን ካላነበብናቸው አይገቡንም፣ አንዱን ዘፈን ሦስት ቀን ትግርኛ ነው ብዬ ነበር አማርኛ ሆኖ አገኘሁት።

አሁን ወደ ሚከብደው፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ። እዚ ላይ ሦስት አልበም ይፋጠጣል፣ ሦስቱንም መልሶ ያሳተመው አንድ የአሜሪካ ሌብል ነው፣ ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ። የሌብሉ ባለቤት ብራያን ሺምኮቪትዝ የኃይሉን ካሴት ባህር ዳር አግኝቶ፣ ሰውየውን ፈልጎ ሲያገኘው እዚው እኛ ሰፈር ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ነበር፣ ኪቦርዱን የኋላ ኮፈን ውስጥ ይዞ ተሳፋሪ በማይኖርበት ሰዓት ይለማመድ ነበር። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ።

ቼ በለው የ1977 ነው፣ ከዋልያስ ባንድ ጋር የተሰራ፣ ካይፋ ያሳተመው፣ ሙላቱም ቫይብራፎን ተጫውቶበታል። "ሙዚቃዊ ስልት" የሚባለው ሙዚቃ ያለው እዚ ላይ ነው፣ ድርሰቱ የግርማ በየነ ነው። ይሄን ሙዚቃ አላውቀውም ካላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ስሙን ነው ማታውቁት። እነዚ ሰዎች ሂልተን ነበር የሚጫወቱት፣ በሰዓት እላፊው ምክንያት ማታ የገባ ሰው መውጣት ስለማይችል እስከ ንጋት ይጫወቱ ነበር፣ እና ሸክላውን ስትሰማው ያ ነገር አለው፣ ማንም አይቸኩልም፣ ግን ማንም አይተኛም። ሙሉ ባንድ፣ ብራስ፣ ባስ፣ ለጭፈራም ለስራም ይሆናል፣ እንግዳ ቤት ሲመጣ ሚከፈት ይሄ ነው።

ወደ ሀረር ጉዞ 1978፣ ከዳህላክ ባንድ ጋር፣ በካሴት ብቻ ነበር የወጣው፣ በ2016 ነው በሸክላ የታተመው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ድምጹ ደብዘዝ ይላል፣ ያው ካሴት ነው መነሻው፣ አንዳንድ ሰው ይሄን ሻካራነት ይወደዋል፣ እኔ ግን ባስ ስወድ እዚ ላይ ባሱ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ነው ሚመስለኝ። ሁለት ሳምንት ፈተናዬን አላለፈም። ለሚወደው ሰው ጥሩ።

ሦስተኛው ሸሞንሟናዬ ያለበት የ1985ቱ ካሴት ነው፣ አኮርዲዮኑን ይዞ ብቻውን የሰራው። ዋልያስ በ1981 አሜሪካ መጥተው ሲጫወቱ ከቀሩት አንዱ ነው ኃይሉ፣ ከዛ ባንድ የለም፣ ክለብ የለም፣ አኮርዲዮን፣ ኪቦርድና የከበሮ ማሽን ብቻ ይዞ ስቱዲዮ ገባ። መጀመሪያ ስትሰማው "ይሄ የልደት ኪቦርድ ነው እንዴ" ትላለህ፣ ማሽኑ ቱክ ቱክ ይላል ከዛ አኮርዲዮኑ ሲገባ ግን በቃ... ልጅ ሆኜ ሬድዮ ላይ ከዜና በፊት ምትመጣው ዓይነት ሙዚቃ ናት፣ የት እንደሰማሃት አታውቅም ግን ታውቃታለህ። ለኔ ከሦስቱ አንደኛ ይሄ ነው፣ ግን ለሌላ ሰው ስጦታ ብገዛ ቼ በለውን እገዛለሁ፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ይወደዋል፣ ሸሞንሟናዬ ግን ወይ ይገባሃል ወይ አይገባህም። አዳዲሶቹም አሉ፣ ላላ በሉ (2018) እና የኔ ምርጫ (2020)፣ ቀረጻቸው ከሁሉም ይጠራል፣ ጥራት ላይ ለምትጨነቁ ላላ በሉ ይሻላችኋል።

እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ፣ ፒያኖ የሚጫወቱት መነኩሴ። በ2023 መጋቢት ውስጥ በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም አርፈዋል፣ ነፍስ ይማር። ከዛ ወዲህ ሸክላቸው ላይ ሰው ተሻምቷል። ለመጀመሪያ የሚሰማ ሰው ኢትዮፒክስ ቁጥር 21 ነው (2006)፣ ፒያኖ ብቻ ነው፣ ሌላ ምንም። የጾም ጠዋት ሙዚቃ ነው፣ ሌላ ቃል የለኝም። ሚሲሲፒ ሬከርድስ የሚባል የአሜሪካ ሌብል ደሞ በ2024 ሱቬኒርስ የሚል አወጣ፣ እማሆይ በ1977 እና በ1985 መሀል ራሳቸው ቴፕ ላይ የቀዱት፣ ፒያኖ እየተጫወቱ በአማርኛ እየዘፈኑ። ፈረንጆቹ ሪቪው ሲጽፉ "ድምጿ ስስ ነው" ምናምን ይላሉ፣ እኛ ግን ግጥሙን እንሰማለና፣ ይሄ ልዩነት ትልቅ ነው፣ አገር እየናፈቀ ያለ ሰው ብቻውን ክፍል ውስጥ ለራሱ ሲያንጎራጉር በር ላይ ቆመህ እንደመስማት ነው። አማርኛ ለሚሰማ ሰው ሱቬኒርስ ይብሳል፣ ለዝምታ ለጥናት ለእንቅልፍ ደሞ ቁጥር 21። እኔ 21ን በሲዲ፣ ሱቬኒርስን በዲጂታል ብዬ ከፋፈልኩት፣ ምክንያቱም ሱቬኒርስን በየቀኑ አልሰማውም፣ አልችልም።

ዘፋኝ ለሚፈልግ፣ ምርጫው በአንድ ሰው አልበምና በስብስብ መሀል ነው። ኤሬ መላ መላ፣ ማህሙድ አህመድ፣ ከአይቤክስ ባንድ ጋር፣ በ1975 የተቀዳው፣ ክራምድ ዲስክስ የሚባል የቤልጅየም ሌብል በ1986 አውሮፓ ላይ ሲያወጣው ነው ፈረንጅ የኛን ሙዚቃ መስማት የጀመረው ማለት ይቻላል። በኢትዮፒክስ ቁጥር 7 ሆኖ በሲዲ አለ። አንድ ወጥ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር ያስኬዳል። ግን "እኔ ገና ጀማሪ ነኝ ማንን እንደምወድ አላውቅም" ለሚል ሰው በ2007 የወጣው ሁለት ሲዲ ያለው የኢትዮፒክስ ምርጥ ስብስብ በአንድ አልበም ዋጋ ጥላሁንንም፣ አለማየሁ እሸቴንም፣ ማህሙድንም፣ ሙላቱንም፣ ጌታቸው መኩሪያንም ይሰጠዋል፣ ከዛ የወደደውን ተከትሎ ይሄዳል። አንድ ብቻ ግዛ ብትሉኝ፣ ያውም ለማላውቀው ሰው፣ ይሄን ነው ምለው። ቁጥር 1ም ጥሩ ነው፣ ግን ሁለቱን አብሮ መግዛት ብር ማባከን ነው።

በቃ አልበሙን መረጥክ እንበል፣ በምን ትገዛዋለህ ሚለው ደሞ እኩል ብር ያስወጣል። ሸክላ ያምራል፣ አልዋሽም፣ ትልቁን ሽፋን ይዘህ መቀመጥ ራሱ ደስ ይላል። ግን ማጫወቻ ከሌለህ ተወው። ያቺ ሻንጣ ምትመስል ርካሿ ማጫወቻ መርፌዋ ከባድ ነው፣ 28 ዶላር የከፈልክበትን ሸክላ ቀስ በቀስ ትፍቀዋለች፣ ደህና ማጫወቻ ደሞ የዚን ሙሉ በጀት ይበላል። ሲዲ አሁን ማንም ስለማይፈልገው ነው ርካሽ የሆነው፣ ለኛ ለቺስታዎች ይሄ ወርቃማ ዘመን ነው፣ የድሮ ላፕቶፕ ካለህ ገልብጠህ ስልክህ ላይ ታስገባዋለህ፣ አለቀ። አሜሪካ ያላችሁ የሰፈራችሁን ላይብረሪም ጠይቁ፣ ብዙዎቹ ሲዲ ያውሳሉ፣ እኔ ቁጥር 10ን፣ የትዝታውን፣ እንደዛ ነው የሰማሁት።

ካሴት ላይ ግን አንድ ዘዴ አለ፣ ይቺን ያዙልኝ። ባንድካምፕ (አርቲስቶችና ሌብሎች ሙዚቃቸውን በቀጥታ የሚሸጡበት ድረገጽ) ላይ ሸክላም ይሁን ካሴት ስትገዛ አብዛኛውን ጊዜ ዲጂታሉ አብሮ ይሰጥሃል፣ ያውም በኤምፒስሪ ብቻ ሳይሆን ጥራቱ በማይቀንሰው በፍላክ ፋይል። የኃይሉ ዲጂታል 8 ዶላር፣ ካሴቱ 10 ዶላር ከሆነ በሁለት ዶላር ልዩነት እጅህ ላይ ሚያዝ ነገር አገኘህ ማለት ነው (የፖስታ ሳይቆጠር)። ደሞ ከ2020 ጀምሮ ባንድካምፕ አንዳንድ አርቦች ላይ የራሱን ድርሻ ይተዋል፣ በሌላው ቀን ከዲጂታል እስከ 15 በመቶ ይወስዳል፣ ስለዚ ካልቸኮላችሁ አርቧን ጠብቃችሁ ግዙ፣ ለእናንተ ዋጋው አይቀንስም ግን ወደ ሌብሉና ወደ አርቲስቱ የሚሄደው ይጨምራል። 

ያገለገለ ሸክላ ወይ ሲዲ ዲስኮግስ የሚባለው የሸክላና የሲዲ መገበያያ ድረገጽ ላይ ምትፈልጉ ደሞ "ቬሪ ጉድ" ሚል ስታዩ እንዳትሸወዱ፣ በነሱ ቋንቋ ቬሪ ጉድ ማለት የተጫረ፣ ሚንጫጫ፣ ግን ሚሰማ ማለት ነው። "ቪጂ ፕላስ" (ቬሪ ጉድ ፕላስ) እና ከዛ በላይ ግዙ። ሲዲ ላይ ጭረት ብዙም አያሳስብም። ፖስታ ላይ ሻጩን በ"ሚዲያ ሜይል" (የአሜሪካ ፖስታ ቤት ለመጽሐፍና ለሙዚቃ ያለው ርካሽ መላኪያ) ይላክልኝ በሉት፣ ከአንድ ሻጭ ሦስት ሲዲ መግዛት ከሦስት ሻጭ አንድ አንድ ከመግዛት በጣም ይረክሳል፣ ይሄ ቀላል ይመስላል ግን ከበጀቴ አስራ ምናምን ዶላር ያዳነልኝ እሱ ነው።

እና የአምሃ ሪከርድስን የድሮ ትንንሽ ሸክላዎች፣ 45ቶቹን፣ ኦሪጅናል እገዛለሁ ምትሉ... አምሃ እሸቴ በ1969 ሸክላ ማሳተም የመንግስት ብቻ ነው ተብሎ እያለ ደፍሮ የጀመረ ሰው ነው፣ ክብር ይገባዋል፣ ግን አንዷ ሸክላ በመቶዎች ዶላር ምትሸጥበት ገበያ ነው፣ ሁለት ዘፈን ነው ያላት፣ እሱም ከነመንጫጫቱ። ይሄ የሀብታም ጨዋታ ነው፣ ተዉት።

አሁን የተሸወድኩበትን ልናገር። ካቻምና አንድ ገበያ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ሚሸጥ ሰው ጋር የድሮ የኛን ሙዚቃ በ15 ዶላር ሸክላ አየሁ፣ አዲስ፣ በላስቲክ የታሸገ፣ ዘልዬ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ሽፋኑን በደንብ ሳየው አማርኛው መኖር ያለበት ቦታ ላይ ፊደል ሳይሆን ባዶ ባዶ ካሬዎች ታትመዋል፣ ኮምፒውተሩ ፊደሉን ስላላወቀው እንደዛው አትመውታል ማለት ነው፣ አራት ካሬ፣ ክፍት ቦታ፣ ሦስት ካሬ። ድምጹ ደሞ ከዩቲዩብ የወረደ ነው፣ ጸናጽሉ ውሃ ውስጥ የገባ ይመስላል። ለዘፋኙ ቤተሰብ አምስት ሳንቲም አልደረሰም፣ እኔም 15 ዶላሬን በላሁ። ስለዚ የሌብል ስም የሌለበት፣ ዓመተ ምህረት የሌለበት፣ ከጀርባው ማን እንደተጫወተ ያልተጻፈበት ሸክላ ርካሽ አይደለም።

አዲስ አበባ ላላችሁ፣ ይሄ ሁሉ ዋጋ እንደማይሰራ አውቃለሁ፣ የውጭ ካርድ ራሱ ችግር ነው። ከውጭ ሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ሸክላ አታስይዙት፣ ሻንጣ ውስጥ ይጎብጣል ይሰበራል፣ ሲዲውን ከፕላስቲክ ሳጥኑ አውጥቶ ከነቡክሌቱ በፖስታ ይዞላችሁ ይምጣ፣ አምስት ሲዲ የአንድ መጽሐፍ ያህል እንኳን አይከብድም።

እና 100 ዶላሯ እንዲህ አለቀች። ከአንድ ሻጭ ቁጥር 4፣ ቁጥር 7ና ቁጥር 21 በሲዲ፣ ከነፖስታው 39። ቼ በለው በሸክላ (ማጫወቻ አለኝ፣ ከእህቴ የወረስኩት) እና የሸሞንሟናዬ ካሴት ከሌብሉ አንድ ላይ፣ ከነፖስታው 42። ሱቬኒርስ በዲጂታል 8። 89 ሆነ። በቀረችው 11 ዶላር "ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ"ን በዲጂታል ልገዛ ነበር፣ ገጹን ከፍቼ ትንሽ አየሁትና መልሼ ተውኩት፣ እሱን አንድ ቀን በሸክላ ነው ምፈልገው፣ ሄጄ ሽሮ በላሁባት።

ካሴት ማጫወቻ እንኳ የለኝም፣ ዲጂታሉን ብዬ ነው የገዛሁት። አባቴ ግን ያቺ የ2002 ካምሪው አሁንም ካሴት ትበላለች፣ እስቲ ይሰራ እንደሆነ ብዬ ሰጠሁት። እሱም ታክሲ ነድቷል፣ አስራ አራት ዓመት። አኮርዲዮኗ ስትጀምር ምንም አላለም፣ ድምጹን ጨመረው፣ ከዛ ቤታችን ደረስን፣ ሞተሩን አላጠፋም። ሁለት ሳምንት ሆነ ካሴቱን ስጠኝ ስለው "ነገ" ይለኛል።